ለሆድ የሚሆን ነገር፦ ተልባን፣ አብሽን፣ ዝንጅብልንና ሌሎችን እንዴት እናዘጋጅ

«እትዬ፣ ለሆድ የሚሆን ነገር ስጪኝ።»

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ቅመም ስለምሸጥ ይህን ሳልሰማ የምውልበት ቀን የለም። መልሴ ሁልጊዜ ጥያቄ ነው። ሆድህን ምን ያደርግሃል? ይነፋሃል ወይስ ያቃጥልሃል? ያስቀምጥሃል ወይስ ደርቆብሃል? ከጀመረህስ ስንት ጊዜ ሆነ? አንዳንዱ ይሰለቻል። «ዝም ብለሽ ፌጦውን ስጪኝ» ይላል። እኔ ግን ሳልጠይቅ አልሰፍርም። ለድርቀት የሚረዳው ለቃር ላይሆን ይችላል። ለማቅለሽለሽ የሚረዳው ለተቅማጥ ምንም አይሠራም። «ሆዴን አመመኝ» ብቻውን ምንም አይነግረኝም።

ሌላም ነገር ልበላችሁ። መድኃኒት ካላቃጠለ፣ ካልመረረ፣ ሰውን ካላስጨነቀ አይሠራም ብሎ የሚያምን ብዙ ሰው አለ። ጨጓራው የቆሰለ ሰው ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ በሎሚ በጥብጦ በባዶ ሆዱ የሚጠጣው ለዚህ ነው። እኔ ተቃራኒውን ነው የማምነው። በኩሽና ዕቃ የሚሻል የሆድ ችግር አብዛኛውን ጊዜ የሚሻለው በለስላሳው ነው። ሙያውን ከእናቴ ወርሻለሁ። የእህቴ ልጅ ደግሞ ነርስ ናት፤ የቱ ጋ ማቆም እንዳለብኝ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ከዚህ በታች የምጽፈው ለደንበኞቼ ቆሜ የምነግራቸውን ነው።

ምንም ሳታፈሉ ሐኪም ቤት የምትሄዱበት ጊዜ

ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ብዙ ሰው መጨረሻውን ስለማያነብ ነው።

ሰገራው ደም ካለው ወይም እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ትውከቱ ደም ካለው፣ ምግብ ለመዋጥ ከተቸገረ፣ ሰውየው ያለምክንያት እየከሳ ከሆነ፣ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ቅመም አይፈልግም። ሐኪም ይፈልጋል። ዕድሜው ከ50 አልፎ ከዚህ በፊት የማያውቀው የሆድ ሕመም የጀመረውም እንደዚሁ መታየት አለበት። እምብርት አካባቢ ጀምሮ ወደ ታች፣ ወደ ቀኝ በኩል የሚወርድና እየባሰ የሚሄድ ሕመም ደግሞ ትርፍ አንጀት ሊሆን ይችላል። ለሱ ተልባም፣ የሚያስቀምጥ መድኃኒትም አትስጡ። ጊዜ ማባከን ብቻ ሳይሆን ጉዳት ነው።

ለኛ አገር ሰው ለይቼ የምናገረው አንድ ነገር አለ። አንዲት እናት የልጃቸው ሆድ ተነፍቷል ብለው ነጭ አዝሙድ ሊገዙ መጡ። የት ነበር ስላቸው «መተማ፣ ሰሊጥ ሲያጭድ ከርሞ መጣ» አሉኝ። ትኩሳትስ? «ማታ ማታ ያተኩሰዋል፣ ከስቷልም።» አዝሙዱን አልሸጥኩላቸውም። «እናቴ፣ ዛሬውኑ ሆስፒታል ይውሰዱት» አልኳቸው። መተማና ሁመራ ቆላው ላይ የአሸዋ ዝንብ የሚያስተላልፈው ካላዛር የሚባል በሽታ አለ። ጣፊያን ያሳብጣል፣ ለሳምንታት ያተኩሳል፣ ያከሳል፣ ካልታከመ ይገድላል። ሲታይ ግን የተነፋ ሆድ ነው የሚመስለው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ውስጥ ለዚሁ በሽታ የተለየ የሕክምናና የምርምር ማዕከል አለ። ከቆላ የተመለሰ፣ የሚያተኩሰው፣ ሆዱ ያበጠ ሰው ቤታችሁ ካለ ይህን አስታውሱ።

ተልባ፣ ለደረቀ ሆድ

ከሁሉም የምወደው ተልባን ነው። ርካሽ ነው፣ ሁሉም ቤት አለ፣ በደንብ ከተሠራ ደግሞ በርግጥ ይረዳል። ተልባ ውሃ ሲነካው የሚወጣው ዝልግልግ ነገር የሚሟሟ ፋይበር ነው። ውሃ ይዞ አንጀት ውስጥ ይወርዳል፣ ሰገራን ያለሰልሳል። ገለባው ደግሞ የማይሟሟ ፋይበር ነው፤ ሰገራውን ያበዛዋል፣ አንጀትን ያነቃቃል። ስለዚህ ለድርቀት ከሆነ ገለባውን አጥልላችሁ አትጣሉት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚስተው። አጥልሎ ጥርት ያለውን ይጠጣና «አልሠራልኝም» ይላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ተልባውን ልቀሙት፤ አፈርና ቆሻሻ አይጠፋውም። በብረት ምጣድ፣ በለስላሳ እሳት፣ እያማሰላችሁ አምሱት። ሲንጫጫ ትሰሙታላችሁ። ሽታው ሲመጣና ቀለሙ ትንሽ ጠቆር ሲል አውርዱት፤ ካረረ ይመራል። መታመሱ ለጣዕም ብቻ አይደለም። ጥሬ ተልባ ውስጥ፣ በብዛት ከተበላ፣ ወደ መርዝነት የሚለወጥ ነገር አለ፤ እሳት ይቀንሰዋል። ከቀዘቀዘ በኋላ ውቀጡት ወይም ፍጩት። ሙሉውን ፍሬ ብትውጡት ሳይፈጭ እንዳለ ይወጣል፤ ጥቅሙ ግማሽ ነው።

አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በትልቅ ብርጭቆ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በጥብጡ። አሥር ደቂቃ ይቆይ። ማር ወይም ቁንጥር ጨው ጨምሩበትና ከነገለባው ጠጡት። ከሱ በኋላ ሌላ ሁለት ብርጭቆ ውሃ በቀኑ ውስጥ የግድ ነው። ውሃ የሌለው ተልባ ድርቀቱን ያብሰዋል። ዱቄቱንም ደረቁን አትቃሙት፤ ጉሮሮ ላይ ሊያብጥ ይችላል። ሁለት ሦስት ቀን ታገሡት። እንደ ሚያስቀምጥ ክኒን በሰዓታት ውስጥ አይሠራም፣ መሥራትም የለበትም። ካልበቃ ወደ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ከፍ አድርጉ፣ ከዚያ አትለፉ። መጀመሪያ ላይ ሆድ ትንሽ ቢነፋ አትደንግጡ፣ አንጀት እስኪለምደው ነው።

መድኃኒት የሚወስድ ሰው ተልባውን ከመድኃኒቱ በሁለት ሰዓት ያህል ያራርቀው። ዝልግልጉ መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ሊያዘገየው ይችላል።

የትንሣኤ ሌሊትስ? ሃምሳ አምስት ቀን በሽሮና በጎመን የቆየ ሆድ ላይ በአንድ ጊዜ ቅቤ፣ ዶሮና እንቁላል ሲወርድበት ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ፋሲካ ማግስት ሱቄ የሚሞላው ለዚህ ነው። እናቶቻችን ግን ዘዴውን ያውቁት ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መጀመሪያ አንድ ብርጭቆ ተልባ ይሰጡናል፣ ዶሮው ከዚያ ይቀጥላል። ቅባት የበዛበት ምግብ ጨጓራ ውስጥ ብዙ ይቆያል። ተልባው ከፊቱ ሲገባ ሰው ቶሎ ይጠግባል፣ አያጋብስም። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ነው። ያን ሌሊት በሁለት ጉርሻ ዶሮ ፈስኩና ተኙ፤ ድግሱ ሲነጋ ይደርሳል። ብዙ በልቶ ወዲያው መተኛት ቃሩን ይጠራዋል።

ድርቀት ላይ ተልባ ብቻውን ሁሉን አይሠራም። የገብስ ቂጣ፣ በሶ፣ ጎመን፣ ፓፓያ ሲገኝ ብሉ። ነጭ ዳቦ ቀንሱ። ቁርስ በልታችሁ ትንሽ ቆይታችሁ ሽንት ቤት የመሄድ ልማድ ይኑራችሁ፤ አንጀት ከምግብ በኋላ ነው የሚንቀሳቀሰው። ሲመጣባችሁ አትያዙት። ታክሲ ትታችሁ ከፒያሳ በእግር መውረድም ይጠቅማል።

አብሽ፣ ለሚያቃጥል ሆድ

አብሽን ሰው የሚጠላው በምሬቱ ነው። ምሬቱ ግን ከአዘገጃጀት ነው። አብሹን ልቀሙ፣ እጠቡ፣ ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቁ። ከዚያ ለብ ለብ አድርጋችሁ ቁሉት። በጣም ከተቆላ ይመራል። ከፈጫችሁት በኋላ አንድ የሻይ ማንኪያ ዱቄት በአንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ማታ ዘፍዝፉት። ጠዋት ዱቄቱ አብጦ ከታች ይቀመጣል፣ ላዩ ላይ ቢጫ ውሃ ይንሳፈፋል። መራራው እሱ ነው፣ ድፉት። አዲስ ውሃ ጨምሩና በሹካ ምቱት። ሳትሰለቹ ምቱት፤ ነጭ ሆኖ አረፋ እስኪይዝ። ያን ጊዜ ማር ጠብ አድርጉበትና ምግብ ከመብላታችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል አስቀድማችሁ ጠጡት። ሎሚ የሚጨምሩበት አሉ። ለቃር ከሆነ ሎሚውን ተዉት።

አብሽም እንደ ተልባ ዝልግልግ ነው። ቃር ያለባቸው ብዙ ደንበኞቼ ከምግብ በፊት ሲጠጡት ቀለል ይላቸዋል። ላባችሁና ሽንታችሁ አብሽ አብሽ ቢሸት አትገረሙ፣ የአብሽ ጠባይ ነው።

የማልሸጥላቸው ሰዎች ግን አሉ። ነፍሰ ጡር ከሆነች ወጥ ውስጥ ያለው ይበቃታል፤ እየዘፈዘፉ መጠጣቱን ትተወው፤ ማህፀንን ሊያነቃቃ ይችላል። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ አብሽ ስኳርን ስለሚቀንስ ከመድኃኒቱ ጋር ተደርቦ ሊጥለው ይችላል። መጀመሪያ ሐኪሙን ይጠይቅ፣ ስኳሩንም ይለካ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድም እንዲሁ።

ጨጓራ ሲባል

እኛ ዘንድ ከእምብርት በላይ ያለ ሕመም ሁሉ «ጨጓራ» ነው። ሁለት ምክንያቶች ግን ከሌላው ሁሉ ይለያሉ፤ ሁለቱም በአብሽ አይድኑም።

አንደኛው ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። ድሮ የጨጓራ ቁስል ከጭንቀትና ከቅመም ይመጣል ይባል ነበር። በፈረንጆቹ 1982 ሁለት አውስትራሊያውያን ሐኪሞች፣ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል፣ ባክቴሪያውን አገኙት። ማርሻል ሰው አላምን ሲለው ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ታመመበት። በ2005 የኖቤል ሽልማት አገኙበት። ይህን ለደንበኞቼ የምነግራቸው በርበሬን ብቻ እየወነጀሉ ዓመታት እንዳያሳልፉ ነው። በሰገራ ምርመራ ይታወቃል። ሕክምናው አንቲባዮቲኮችና አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት አንድ ላይ፣ ብዙውን ጊዜ ለሁለት ሳምንት ነው። ሕመሙ ሲተው መድኃኒቱን ማቋረጥ ባክቴሪያውን ማስለመድ ነው።

ሁለተኛው የሕመም ማስታገሻ ነው። አንድ አባት ለጨጓራቸው አብሽ ሊገዙ ይመላለሱ ነበር። «ጋሼ፣ ለሌላ ነገር የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» አልኳቸው። ለጉልበታቸው ዳይክሎፌናክ በየቀኑ ይውጣሉ። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የጨጓራን መከላከያ ሽፋን ያሳሳሉ፣ ያቆስላሉ፣ ሊያደሙም ይችላሉ። በላዩ ላይ አብሽ መጠጣት ምን ይሠራል? ለጉልበቱ ሌላ መፍትሔ እንዲፈልጉላቸው ወደ ሐኪም ላክኋቸው።

ከነዚህ ውጭ የሆነ ተራ ቃር ግን በአኗኗር ይቀንሳል። እራት ከመኝታ ሦስት ሰዓት አስቀድሙ። በአልጋው ራስጌ በኩል፣ ከእግሩ ሥር፣ ጡብ አስገቡ፤ ትራስ መደራረብ ወገብን ያጥፋል እንጂ አይረዳም። በግራ ጎን ተኙ። ቡና በባዶ ሆድ አትጠጡ፤ ጠላና አረቄም እንደዚሁ ያቃጥላሉ። ወተት ለጊዜው ያረጋጋል፣ ትንሽ ቆይቶ ግን ጨጓራ ሌላ አሲድ ያመነጫል፤ ለዚህ ነው «ወተት ጠጥቼ ተሻለኝ፣ ሌሊት ግን ባሰብኝ» የምትሉት። ናና ሻይም ለቃር አይሆንም። የጨጓራን በር ያላላዋል፣ አሲዱ ወደ ላይ ይመጣል። ለቁርጠትና ለጋዝ ግን ጥሩ ነው።

ዝንጅብል፣ ጦስኝና ነጭ አዝሙድ

ዝንጅብል ለማቅለሽለሽና ምግብ አልወርድ ሲል ነው። ጨጓራ ምግቡን ቶሎ ወደ አንጀት እንዲያወርድ ያግዛል። የአውራ ጣት አንጓ የሚያክል እርጥብ ዝንጅብል ላጡ፣ በስሱ ክተፉ፣ በሁለት ብርጭቆ ውሃ አሥር ደቂቃ አፍሉ። በማር ጠጡት። መኪና ለሚያስመልሰው ሰው በተለይ ጥሩ ነው። ከደባርቅ ሊማሊሞን ወርዳችሁ የምታውቁ ጠመዝማዛውን አትረሱትም። ከመሳፈራችሁ ግማሽ ሰዓት በፊት ጠጡ፣ አንድ ቁራጭም ይዛችሁ አኝኩ። ዱቄት ዝንጅብልም ይሠራል፣ ግን የቆየ ዱቄት ሽታው ብቻ ነው የሚቀረው። ቃር ያለበት ሰው ይቀንሰው፣ ሊያቃጥለው ይችላል።

ጦስኝ ከስሜን ደጋ ይመጣልናል። ሻይ አድርጋችሁ ስትጠጡት የሚሸተው ነገር ቲሞል ይባላል። ነጭ አዝሙድ ውስጥም ያለው እሱ ነው። ሁለቱም ጋዝ እንዲወጣ፣ ቁርጠት እንዲላላ ይረዳሉ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ነጭ አዝሙድ ወቀጥ ወቀጥ አድርጋችሁ በፈላ ውሃ ዘፍዝፉ፣ ከድናችሁ አምስት ደቂቃ ቆዩ። ክዳኑን አትርሱ፤ የሚሠራው ዘይት በእንፋሎት ነው የሚጠፋው።

ዋናው የጋዝ መድኃኒት ግን ድስቱ ላይ ነው ያለው። በጾም ወራት ሆዳችን የሚነፋው ጥራጥሬ ውስጥ ትንሹ አንጀት የማይፈጨው ስኳር ስላለ ነው። ወደ ትልቁ አንጀት ይወርድና ባክቴሪያዎች ሲበሉት ጋዝ ይሆናል። ስለዚህ ባቄላና ሽምብራ ስትቀቅሉ ማታ ዘፍዝፉ፣ ጠዋት የዘፈዘፋችሁበትን ውሃ ድፉ፣ በአዲስ ውሃ ቀቅሉ። ጉንቁል ከዚህም ይሻላል። ባቄላው ሲያጎነቁል ያን ስኳር ራሱ ይበላዋል። ሽሮ ስታስፈጩ ነጭ አዝሙድ አትሰስቱበት። ሽሮውም በደንብ ይንተክተክ፤ ቶሎ የወረደ ሽሮ ሆድ ይነፋል።

እርጎ

ወተት የማይስማማው ሰው በአገራችን ብዙ ነው። አዋቂ ሲሆኑ የወተቱን ስኳር የሚፈጨው ነገር ስለሚቀንስ ነው። እርጎ ሲሆን ባክቴሪያው ከስኳሩ የተወሰነውን ስለበላው ይቀላል። አንቲባዮቲክ ወስዶ ሆዱ የተረበሸ ሰው በቀን አንድ ብርጭቆ ቢጠጣ ጥሩ ነው። ግን ከጥሬ ወተት የረጋ እርጎ አልወድም። ወተቱን አፍሉት፣ ለብ ሲል ከቀድሞው እርጎ ሁለት ማንኪያ ጣል አድርጉበት፣ ከድናችሁ ሞቅ ያለ ቦታ አሳድሩት። ጥሬ ወተት የከብት ሳንባ ነቀርሳና ብሩሴሎሲስ የሚባል ሌላ የከብት በሽታ ያስተላልፋል፤ መርጋቱ አይገድላቸውም። ማሰሮው በወይራ ከታጠነ ጣዕሙ አይጓደልም።

ተቅማጥ

ለተቅማጥ ቅመም አልሸጥም። ተቅማጥ ሰውን የሚገድለው ውሃና ጨው በማሳጣት ነው፤ ስለዚህ መድኃኒቱ የወጣውን መተካት ነው። ከፋርማሲ ወይም ከጤና ጣቢያ ኦአርኤስ ግዙና በፓኬቱ ላይ በተጻፈው የውሃ መጠን በጥብጡ። ከሌለ በቤት ይሠራል፦ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ማንኪያው ልሙጥ ይሁን፣ አይቆለል። ጨው ከበዛ ለሕፃን አደጋ ነው። በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ስጡ፣ ካስመለሰው አሥር ደቂቃ ቆይታችሁ ቀጥሉ። 24 ሰዓት ካለፈው የተረፈውን ድፉ።

ሕፃን ጡቱን አይከልከል። የሚበላ ልጅም መብላቱን ይቀጥል። የፎገራ ሩዝ በብዙ ውሃ ቀቅላችሁ በቁንጥር ጨው ቀጠን አድርጋችሁ ስጡት፤ ወይም የገብስ አጥሚት። ለልጅ ዚንክ ከጤና ጣቢያ ይሰጣል፤ ከ10 እስከ 14 ቀን ነው፣ ተቅማጡ ቢቆምም ይጨርሰው። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሽንቱ ከጠፋ፣ ከደከመና መጠጣት ካቃተው፣ ደም ካያችሁ፣ ወይም እንደ ሩዝ ውሃ ነጭ ሆኖ ከወረደ በሩጫ ሐኪም ቤት። ማር ደግሞ ዓመት ላልሞላው ሕፃን በምንም ምክንያት አይሰጥም።

ውሃ በጄሪካን ለምትቀዱ አንድ ነገር ላክል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በላይ ናት። ከፍታ ላይ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ነው የሚፈላው፤ እኛ ጋ 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ይንተከተካል። ስለዚህ ገና አረፋ ሲያወጣ አታውርዱት። መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ።

ኃይለኞቹ፦ ፌጦ፣ ጤና አዳም፣ ኮሶ

ፌጦን እንደ ምግብ እወደዋለሁ። በጾም ቀን ፌጦ ፍትፍት ጥሩ ነው። ግን በባዶ ሆድ፣ ከጥሬ ነጭ ሽንኩርት ጋር፣ በሎሚ የሚጠጣው የጨጓራን ግድግዳ ያቃጥላል። «ሲያቃጥለኝ ባክቴሪያውን ሲገድልልኝ ይሰማኛል» የሚሉኝ አሉ። የሚሰማቸው ቁስላቸው ነው። ቃር፣ የጨጓራ ቁስል ወይም ፅንስ ካለ ፌጦውን አልሸጥላችሁም።

ጤና አዳም ቡና ላይ አንድ ቅጠል ብታደርጉ ጉዳት የለውም። ጨምቆ መጠጣት ግን ሌላ ነው። ጉበትን ሊጎዳ ይችላል፤ ለነፍሰ ጡር ፅንሱን ሊያስወርዳት ይችላል። ለዚህ ዓይነት አጠቃቀም የሚጠይቀኝን ሁሉ እምቢ እላለሁ።

ኮሶ ታሪክ አለው። ጎንደር ነገሥታት ሲቀመጡባት፣ በፈረንጆቹ 1770 የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ሰው ሁሉ ኮሶ ሲጠጣ አይቶ ስለ ዛፉ ጽፏል። ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሕዝብ የኮሶ ትል ስላለበት በየሁለት ወሩ ይጠጣ ነበር። አበባው በርግጥ ትሉን ያስወጣል። ግን ልኩ በዛፉ፣ በወቅቱ፣ በአቀማመጡ ይለያያል። ከልክ ካለፈ ያስመልሳል፣ ያዝላል፣ ዓይንንም እስከመጉዳት ይደርሳል። ዛሬ ፕራዚኳንቴል የሚባል ክኒን አለ፤ በሐኪም ትእዛዝ በኪሎ ተለክቶ አንድ ጊዜ ይዋጣል። ሰገራችሁ ላይ ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ እንደ ጥብጣብ የሚቆራረጥ ነገር ካያችሁ ለምርመራ ይዛችሁ ሂዱ። ከዚያ ሥጋውን አብስላችሁ ብሉ። ጥሬው ከቀጠለ ትሉም ይመለሳል። እንቆቆና መተሬም እንደ ኮሶ ለትሉ ይወሰዳሉ፤ መልሴ አንድ ነው።

ስትገዙ

ተልባ ስትገዙ በመዳፋችሁ ያዙት። የሚያብረቀርቅና የሚንሸራተት ጥሩ ነው፤ አፈር የሚተው ወይም ሻጋታ የሚሸት አይሁን። አብሽ ወርቃማ ቢጫ ይሁን፤ ቡናማ የሆነው የቆየ ነው። በጥርሳችሁ ስትሰብሩት የሚያስቸግር ደረቅ ከሆነ በደንብ ደርቋል። ዝንጅብል ሲሰበር ጠቅ ብሎ ይሰበር፤ የሚጎብጠው ደርቋል። ነጭ አዝሙድ በጣታችሁ አሹት፣ ሽታው ካልተነሳ አትግዙት። ተፈጭቶ የሚሸጥን ከማታውቁት ሰው አትውሰዱ፤ ምን እንደተቀላቀለበት ማየት አይቻልም።

ፍሬውን በክዳን ባለው ዕቃ፣ ብርሃን በማይደርስበት ቦታ ወራት ማቆየት ትችላላችሁ። ዱቄት ግን ለሳምንት የሚበቃችሁን ብቻ ፍጩ። ተልባ ዘይት የበዛበት ስለሆነ ከተፈጨ በኋላ ቶሎ ይበላሻል። እንደ ቀለም ወይም እንደ ሻገተ ቅቤ መሽተት ከጀመረ ጣሉትና አዲስ አምሱ።